የባሕር ማሽላ አገር፤ ካታካማስ

በብዙ የአገራችን ቦታ በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉታል። ለምን ይመስላችኋል? ማሽላ የራሳችን የጥንት እህል ነው። በቆሎ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

የመጣውስ ከወዴት ነው? ከአሜሪካ ምድር ነው። የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ፈረንጆች በመርከብ ወደዚያ ተሻግረው ዘሩን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዘሩ ከወደብ ወደ ወደብ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየዞረ የእኛ ማሳ ድረስ መጣ። ዛሬ በዚህ ገጽ ወደ በቆሎው አገር አብረን እንሂድ። የምንሄድበት ቦታ ካታካማስ ይባላል። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ካ - ታ - ካ - ማስ። እኛም በእግራችን አልረገጥነውም። የተጻፈውን አንብበን፣ ካርታውን ዘርግተን ነው የምናካፍላችሁ።

ሰሜን አሜሪካና ደቡብ አሜሪካ ሁለት ትልልቅ ምድሮች ናቸው። በመካከላቸው እንደ ቀጭን ወገብ ያለ መሬት አለ። መካከለኛው አሜሪካ ይሉታል። በዚህ ወገብ ላይ ሆንዱራስ የምትባል አገር አለች። ስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሕዝቧ የሚናገረው እስፓንኛ ነው፤ እስፓኞች 300 ዓመት ያህል ገዝተዋታልና። ነፃ የወጣችው በ1821 ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ከዋና ከተማው ከቴጉሲጋልፓ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በመኪና የሚሄድ ሰው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ካታካማስ ይደርሳል። መንገዱ የጥድ ጫካ ያለበትን ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ ድንገት ሜዳው ይከፈታል። ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ረጅም፣ ከብቱ ብዙ። ኦላንቾ የሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ገባን ማለት ነው። ኦላንቾ ብቻውን ጎረቤት አገር ከሆነችው ከኤል ሳልቫዶር ይሰፋል።

ካታካማስ የከተማውም የወረዳውም ስም ነው። እነሱ «ሙኒሲፒዮ» ይሉታል። አንድ ከተማ በዙሪያው ካሉት መንደሮች፣ እርሻዎች፣ ተራሮችና ጫካዎች ጋር በአንድ ምክር ቤት ሲተዳደር ማለት ነው። በእኛ አነጋገር ወረዳ ቢባል ይቀርባል። የካታካማስ ወረዳ ከ7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። በጋሻ እንቁጠረው ካላችሁ ከ17 ሺህ ጋሻ ይበልጣል። በዚህ ሁሉ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው በ2013 ሲቆጠር ከ100 ሺህ የሚበልጥ ነበር። ታዲያ መሬቱ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት ከሆነ ሁሉም ጠግቦ ያድራል ማለት ነው? ወደዚያ እንመለስበታለን።

በሜዳው መካከል ጉዋያፔ የሚባል ወንዝ ይፈስሳል። ጉዋያፔ ወርቅ ያለበት ወንዝ ነው። እስፓኞቹ በ1500ዎቹ ዓመታት ወደ ኦላንቾ የገቡት ለሣሩ ብለው አይደለም፤ ለወርቁ ነው። አሸዋውን ከወንዙ እያወጡ እንዲያጥቡ ያስገደዱት የአገሩን ተወላጆች ነበር። ተወላጁ በበሽታና በሥራ ብዛት ሲያልቅባቸው ከአፍሪካ በመርከብ ያመጧቸውን ባሮች አሰለፉ። ስለዚህ በዚያ ወንዝ ዳር የአፍሪካ ሰው ላብም ፈስሷል። ዛሬም ቢሆን በገበቴ አሸዋ እያጠቡ ወርቅ የሚለቅሙ ሰዎች አሉ።

ስለ ወርቁ አንድ ተረት አላቸው። ከካታካማስና ከሁቲካልፓ ከተማ መካከል ኤል ቦኬሮን የሚባል ገደል አለ። ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚወጣበት ቦታ ነው። ከዚያ አጠገብ ጥንት ሀብታም ከተማ ነበር ይላሉ። ሰዎቹ የፈረሶቻቸውን እቃ ሳይቀር በወርቅ ያስጌጡ ነበር። ለእመቤታችን ሥዕል ግን ዘውድ ሲያሠሩላት ወርቁን ሳሱ፤ ከከብት ቆዳ ሠሩላት። ከዚያ በኋላ ተራራው ተናደና ከተማውን ቀበረው። ይህ የሆነው በ1611 ነው ተብሎ ይተረካል። ከተማው እንደነበረና እንደጠፋ የታወቀ ነው። ስለ ቆዳው ዘውድ ያለው ግን ተረት ነው። ተረት ቢሆንም ሀብታሙ ላይ የሕዝቡ ዓይን እንዴት እንደነበረ ያሳያል።

አሁን ወደ መሬቱ ጥያቄ እንመለስ። በኦላንቾ ጥቂት ሰዎች ብዙ መሬትና ብዙ ከብት ያዙ። የሜዳው ለም መሬት ሣር ሆኖ ይውላል፤ ገበሬው ደግሞ ዳገት ላይ ወጥቶ በቆሎውንና ባቄላውን ይዘራል። በ1865 የኦላንቾ ሰዎች በመንግሥት ላይ ተነሥተው ነበር። ፕሬዚደንቱ ሆሴ ማሪያ ሜዲና ጦር ልኮ ብዙ ሰው በዛፍ ላይ አሰቀለ። ያን ዘመን እስከ ዛሬ «የስቅላቱ ዘመን» እያሉ ይጠሩታል።

ከዚያ 110 ዓመት አለፈ። በ1975 ገበሬዎች መሬት ይሰጠን ብለው ወደ ዋና ከተማው ሊሄዱ ተነሡ። ጉዟቸውን «የረሃብ ሰልፍ» አሉት። በጁን 25 ቀን በሁቲካልፓ ከተማ የገበሬዎች ማሠልጠኛ የነበረው ቤት ተጠቃ፤ በዚያው ሰው ሞተ። ሌሎቹን ደግሞ ሎስ ኦርኮኔስ ወደሚባል የከብት እርሻ ወስደው ገደሏቸው። አስከሬናቸውን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው በድማሚት ደፈኑት። የሞቱት ቢያንስ 14 ናቸው፤ ሁለቱ ቄሶች ነበሩ። አንዳንድ ገዳዮች ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ብዙ ሳይቆዩ ግን በምሕረት ወጡ። ይህን የምንጽፈው ቦታውን ከነሙሉ ታሪኩ እንድታውቁት ብለን ነው። የሚያምር ሜዳ ብቻ ነው ብለን ብናልፍ ልክ አይሆንም።

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በተራራው ሥር፣ የታልጉዋ ዋሻ አለ። ከካታካማስ ሁሉ እኛን ያስገረመን ይኸው ነው። ዋሻው የኖራ ድንጋይ ነው። በአጠገቡ የታልጉዋ ወንዝ ይወርዳል። የአካባቢው ሰው ዋሻውን ድሮም ያውቀዋል። በ1994 ግን አራት ሰዎች መብራት ይዘው ወደ ውስጥ ዘለቁ። ሁለቱ የሆንዱራስ፣ ሁለቱ የአሜሪካ ሰዎች ናቸው። ከግድግዳው ከፍ ብሎ ያለ ቀዳዳ አዩና ተንጠላጥለው ወጡ። ምን አገኙ? የሰው አጥንት። ያውም በመብራቱ የሚያብረቀርቅ አጥንት!

አጥንት እንዴት ያብረቀርቃል? ነገሩ ተአምር አይደለም። ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ከድንጋዩ ጥቂት ጥቂት እየሟሟ ይዞ ይወርዳል። ሲንጠባጠብ ያንን እዚያው ጥሎ ይደርቃል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ውሃ ደጋግማችሁ ስታፈሉ ነጭ ቅርፊት ይይዝ የለም? እንደዚያው ነው። በዋሻው ውስጥ ያ ነጭ ቅርፊት በሺህ ዓመታት አጥንቶቹን ሸፈናቸው። ቅርፊቱ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ብርሃን ይመልሳል። ሊቃውንት ዕድሜውን ሲመረምሩ አጥንቶቹ ወደ 3,000 ዓመት የሚጠጉ ሆነው ተገኙ። ሟቾቹን የቀበሯቸው ሰዎች አጥንቱን ሰብስበው፣ ቀይ አፈር ቀብተው፣ ከሸክላና ከከበረ ድንጋይ እቃ ጋር አኑረውታል። ሟቾቻቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ።

የሚገርመው ገና ነው። የሰው አጥንት የበላውን ይመዘግባል። ዘመኑን ሁሉ በቆሎ ሲበላ የኖረ ሰው አጥንቱ ላይ ምልክቱ ይቀራል፤ ሊቃውንት ይህን በመሣሪያ ያነቡታል። በቆሎ የተገኘው ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በሜክሲኮ ነው። ስለዚህ የታልጉዋ ሰዎችም በቆሎ በሎች ናቸው ተብሎ ተገምቶ ነበር። አጥንቱ ሲመረመር ግን በቆሎ ብዙም አልበሉም። ምናልባት ምግባቸው እንደ ካሳቫ ያለ ሥር ይሆናል ይላሉ። እንግዲህ በበቆሎ አገር ከበቆሎ በፊትም ሰው በደህና ይኖር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ግን ያለ በቆሎ የሚውል የለም። አበላሉ ከእኛ ይለያል። በቆሎውን እንዲሁ ደረቁን አይፈጩትም። መጀመሪያ በኖራ ውሃ ይቀቅሉታል፤ ቆዳው ይላቀቃል። ከዚያ አጥበው እርጥቡን ይፈጩና እንደ ስስ ቂጣ በመዳፋቸው ጠፍጥፈው ምጣድ ላይ ይጋግሩታል። ቶርቲያ ይባላል። ኖራው ለምንድን ነው? በቆሎ ውስጥ ለሰውነት የሚያስፈልግ አንድ ነገር ተቆልፎ ይኖራል፤ ኖራው ይከፍተዋል። ይህን የማያውቁ የሌላ አገር ሰዎች በቆሎ ብቻ እየበሉ ቆዳቸው የሚላጥበት በሽታ ይይዛቸው ነበር። የአሜሪካ ጥንታዊ ሴቶች መጽሐፍ ሳያነቡ ይህን ደርሰውበታል።

ከዋሻው በላይ የአጋልታ ተራራ ይቆማል። ከፍተኛው ጫፍ ላ ፒኩቻ ይባላል፤ ቁመቱ 2,354 ሜትር ነው። ለእኛ ደገኞች ብዙ ላይመስል ይችላል። እዚያ ግን ጫፉ ሁልጊዜ በደመና ይሸፈናል። ነፋሱና ጭጋጉ ዛፎቹን አሳጥሯቸው፣ አጣሟቸው፣ ሙሉ በሙሉ ሙጃ ለብሰው እንደ ድንክ ይቆማሉ። ከታች በተራራው ጎን ቡና ይተከላል። ቡናውስ ከየት ሄደ? ከእኛ ጫካ ነው! በቆሎ ወደዚህ መጣ፤ ቡና ወደዚያ ሄደ። ዛሬ ከመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ብዙ ቡና የምታመርተው ሆንዱራስ ናት።

አጋልታ ከ1987 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በሕግ ተከልሏል። ደመናው ከዛፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ምንጭ ይሆናል፤ ምንጩ ታልጉዋን ይሞላል፤ ታልጉዋ የሜዳውን ሰው ያጠጣል። ዛፉ ከተቆረጠ ይህ ሁሉ ይቆማል። ቆራጩ ግን ብዙ ነው። እንጨት ነጋዴ ጥዱን ይቆርጣል፤ የከብት አርቢው ጫካውን አቃጥሎ ሣር ያደርጋል። ከ2014 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ሌላ ጠላት ተጨመረ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥንዚዛ ናት። ከቅርፊቱ ሥር ትገባለች። ጤነኛ ጥድ ሙጫ አፍስሶ ያባርራታል፤ በድርቅ የተጠማ ጥድ ግን ሙጫ የለውም። የኦላንቾ ጥድ በተራራ በተራራው ቀይ ሆኖ ደረቀ።

ካርሎስ ሉና የሚባል ሰው በካታካማስ ምክር ቤት አባል ነበር። የአካባቢ ጥበቃውን ክፍል ይመራ ነበር። ያለ ፈቃድ የሚቆርጡትን፣ ከነሱ ጋር የተሻረኩትንም በስማቸው እየጠራ አጋለጠ። ብዙ ጊዜ ዛቱበት። ሜይ 18 ቀን 1998 ማታ ከምክር ቤቱ ስብሰባ ሲወጣ በጥይት ገደሉት። ጉዳዩ ከአገሩ አልፎ የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2013 የሆንዱራስ መንግሥት ይህን ሰው ከአደጋ አልጠበቀም ሲል ፈረደ። 15 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

ወደ ቀለል ያለው እንለፍ። በካታካማስ የግብርና ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከአገሩ ሁሉ የገበሬ ልጆች ይማሩበታል። የከተማው ዓመታዊ በዓል ኦክቶበር 4 ቀን ነው፤ የቅዱስ ፍራንሲስኮስ በዓል። ምግባቸው ታፓዶ የሚባል ወጥ ነው። ቋንጣ፣ ካሳቫና ሙዝ በኮኮናት ወተት ያበስሉታል። ቋንጣ በሙዝ! እኛ ብንቀምሰው ምን እንል ይሆን?

መጠጣቸው ከኮዮል ዘንባባ ይገኛል። ዛፉ እሾኻም ነው። በበጋ ይቆርጡትና ያጋድሙታል። ከግንዱ ጫፍ አጠገብ እንደ ገበቴ ይቦረቡሩታል። ጭማቂው እዚያ እየተጠራቀመ፣ ጌሾም ብቅልም ሳይገባበት ራሱ ይፈላል። በቀጭን ሸምበቆ ይመጡታል። ትናንት ኮዮል የጠጣ ሰው ዛሬ ፀሐይ ላይ ቢቆም እንደገና ይሰክራል ይላሉ። እውነት ይሁን ቀልድ፣ የሚያውቁት የጠጡት ናቸው።

ዝናቡ ከሜይ ጀምሮ ይጥላል። ያን ጊዜ ጉዋያፔ ይሞላል። ወደ ታች ወርዶ ከጉዋያምብሬ ወንዝ ጋር ይገናኝና ስሙን ለውጦ ፓቱካ ይባላል። ፓቱካ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ካሪቢያን ባሕር ይሄዳል። በዳሩ ታዋህካ የሚባሉ ጥንታዊ ሕዝቦች ይኖራሉ። እነሱ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የመኪና መንገድ አይደርስም ነበር። ከትልቅ ግንድ በተቦረቦረ ጀልባ፣ በወንዙ ነበር የሚኬደው።