ነገ ይደርሳል ምድር ባቡር ኩባንያ

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ አንድ የባቡር ኩባንያ ላውራችሁ። ባለቤቱ እኔ ነኝ። ሠራተኛ የለውም፣ ሀዲድ የለውም። ያለችው አንዲት ፉርጎ ብቻ ናት፤ እሷም ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አብሮኝ ለሚሠራ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ፣ አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ፉርጎ ጠጋኝ እንደነበር ስነግረው ዓይኑ በራ። “ቅዳሜ ቤቴ ና” አለኝ። ሄድኩ። ቤዝመንቱ በተራራ፣ በድልድይና በከተማ ተሞልቷል፤ ሁሉም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። ስድስት ሰባት ሽበታም ሰዎች የጭነት ወረቀት ይዘው “ይቺ ከሰሏን እዚያ ጣቢያ ማራገፍ አለባት” ይባባላሉ። በሆዴ “ሥራ ፈቶች” አልኩ።

ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ፉርጎዎቹ ላይ ከተጻፉት ስሞች ብዙዎቹ በዓለም ላይ የሌሉ ኩባንያዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኩባንያ ፈጥሮ፣ ዓርማ ስሎ፣ መፈክር አውጥቶ፣ ፉርጎ እየቀባ ለጓደኞቹ ይሰጣል። ጓደኛው ደግሞ ከራሱ ባቡር ጋር ቀጥሎ ይጎትትለታል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ባቡሮችም እንዲሁ ናቸው፤ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሀዲድ ላይ ይሄዳል፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ጎኑ ላይ ባሉት ፊደላትና ቁጥሮች ነው።

ከእነዚህ ቀልደኞች ስመ ጥሩው ጆን አለን ነው። ሞንቴሬይ፣ ካሊፎርኒያ ቤቱ ውስጥ የሠራውን ባቡር “ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ” አለው። ሲጻፍ የቦታ ስም ይመስላል፤ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡት ግን በእንግሊዝኛ “በደም የታጠበና የተሸነፈ” እንደማለት ነው። ፉርጎ የምትጎትትለት ኤማ የምትባል ዳይኖሰርም ነበረችው። አለን በጥር 1973 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከቀናት በኋላ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሥቶ የብዙ ዓመት ልፋቱን በላው። ኩባንያው ግን አልሞተም። ስሙ የተጻፈባቸው ፉርጎዎች ዛሬም እሱን አይተውት በማያውቁ ሰዎች ሀዲድ ላይ ይሄዳሉ።

ይህ በፍቅር ብቻ የሆነ አይደለም። ቀድሞ የአንዱ ፋብሪካ ሥራ ከሌላው ጋር አይገጥምም ነበር። በ1935 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሞዴል ባቡር ወዳጆች ብሔራዊ ማኅበር የጎማውንና የሀዲዱን ልክ ወሰነ። በስሙ፣ በቀለሙና በቀልዱ ግን አልገባም። ጎማህ ከሀዲዴ ይግጠም እንጂ ጎንህ ላይ የፈለግከውን ጻፍ ማለት ነው።

እኛ ብንሆን መጀመሪያ የምንጣላው ጎኑ ላይ በሚጻፈው ነበር። በዚያ ቤዝመንት ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚኳረፉ ሁለት ሰዎች አሉ። ተኳርፈውም ግን አንዱ የሌላውን ፉርጎ ከሀዲድ አውርዶ አያውቅም።

የልክ ነገር ለእኔ ቤተሰብ ቀልድ አይደለም። የአባቴ ፉርጎዎች የሚሄዱት አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሀዲድ ላይ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሀዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ባቡር መምጣቱን አልጠላሁም። ግን አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠገናቸው ፉርጎዎች በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሜትር እንኳ መሄድ አይችሉም።

እናም የራሴን ፉርጎ ሠራሁ። ቡናማ ቀባኋት፤ በአማርኛ ፊደል “ነገ ይደርሳል ምድር ባቡር ኩባንያ” ብዬ ጻፍኩባት። ልጅ ሳለሁ ጣቢያ ሄደን ባቡሩ የት ደረሰ ብለን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ነበር። ከሥር መፈክሩን ጨመርኩ፦ “አንዘገይም፤ ነገ ነው ያልነው።” ስተረጉምላቸው ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ፔንስልቬንያ ቤቱ ወሰዳት። ከወር በኋላ በተራራው ሥር ስታልፍ ቀርጾ ቪዲዮ ላከልኝ፤ ከሥሩ “በአንድ ቀን ዘግይታለች፤ ደንቡን ጠብቃለች” ብሎ ጽፎበታል።

ቪዲዮውን ለአባቴ ላክሁለትና ደወልኩ። ስሙ አላሳቀውም።

“የእጅ ፍሬኗን በተሳሳተ በኩል ነው ያደረግኸው” አለኝ።

“እሺ አባዬ፣ አስተካክላለሁ።”

ዝም አለ። ከዚያ፣ “ለመሆኑ የማን ሀዲድ ላይ ነው የምትሄደው?”

“የሰው ነው።”

“የሰው ከሆነማ ቅባት እንዳይረሱ ንገራቸው።”

ነገርኳቸው። አሁን በጭነት ወረቀቷ ላይ ከመድረሻ ጣቢያዋ በታች አንድ መስመር ተጨምሯል፦ “ቅባት፣ በአባት ትእዛዝ።”

ቸር ያሰማን።