የዘበኞቹ ድካም፦ ብግነትና የአልዛይመር በሽታ

ሰንጋ ተራ ስሙን የወረሰው ከከብት ገበያ ነው። ዛሬ ሰንጋው የለም፤ በቦታው የባንክ ፎቆችና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆመዋል። የልደታ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው በአዲስ ከተተኩ ወዲህ፣ ዕድሜያቸውን በሰፈሩ ያሳለፉ አዛውንት መንገድ ቢጠፋባቸው ልጆቻቸው «ከተማው ተለወጠባቸው» ይላሉ። ስም ቢረሱ ደግሞ ጎረቤት «ጃጅተዋል» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ርኅራኄ አላቸው፤ ሁለቱም ግን በሽታን ሊሸፍኑ ይችላሉ። በዚህ መካከል የሚባክነው ጊዜ ነው።

ጊዜው ለምን እንደሚከብድ የብግነት ጥናት ያስረዳል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በሽታውን ሲገልጽ፣ በሟች ታካሚው አንጎል ውስጥ የባዕድ ነገር ክምችትና የተጠላለፉ ክሮች ማየቱን ተናግሯል። ክምችቱ አሚሎይድ፣ ክሮቹ ታው የተባሉ ፕሮቲኖች መሆናቸው የታወቀው ዘግይቶ ነው። ይህን ክምችት የሚያጸዱት ማይክሮግሊያ የተባሉ የአንጎል ዘበኛ ሕዋሳት ናቸው። የአጭር ጊዜ ብግነት ጠጋኝ ነው። ክምችቱ አላልቅ ሲል ግን ዘበኞቹ ከተቆጡበት አይበርዱም፤ የሚያመነጩት ሳይቶካይን የነርቭ ሕዋሳትን መገናኛ ይጎዳል፣ የታውንም መዛባት ያባብሳል። «በገነ» የሚለው ግሥ ለዚህ ይስማማል፤ ነበልባል ሳይታይ ውስጥ ውስጡን መቃጠል ነውና።

ብግነቱ የበሽታው አመድ ብቻ አለመሆኑን የዘረመል ጥናት አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆኑ ጥናቶች፣ በማይክሮግሊያ ውስጥ የሚሠራው ትሬም 2 የተባለ ዘረመል ሲዛባ የበሽታው ስጋት በእጥፍና ከዚያ በላይ እንደሚጨምር ታይቷል። ታዲያ ብግነቱን በመድኃኒት ማጥፋት አይበቃም? በናፕሮክሰንና በሴሌኮክሲብ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የአሜሪካ ሙከራ በ2004 በልብና በደም ሥር ጉዳት ስጋት ተቋረጠ፤ በሽታውን የመከላከል ጥቅምም አላሳየም። ዘበኛውን ማስተኛት ጽዳቱንም ማስቆም ሊሆን ይችላል፤ ለውጡም ምልክቱ ከመታየቱ ከአሥር ዓመታት በላይ አስቀድሞ ይጀምራል።

ስለዚህ ተስፋው ያለው አስቀድሞ በመከላከል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ እነርሱን በማስወገድ ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከነዚህም ስኳር፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራና የአየር ብክለት ከሥር የሰደደ ብግነት ጋር የተያያዙ ናቸው። ከሰንጋ ተራ ብዙም የማይርቀውን ጥቁር አንበሳን በመሰሉ ሆስፒታሎች የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያላቸው ሕሙማን ስለ ማስታወስ ችሎታቸውም ቢጠየቁ፣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ጥያቄው ግን ሰፈሩን ማወቅ አለበት። የማስታወስ ምርመራዎች ብዙውን ጊዜ ቦታንና አድራሻን ይጠይቃሉ፤ መንደሩ ፈርሶ የቤት ቁጥሩ የተለወጠበት አዛውንት መሳሳቱ ብቻውን ሕመም አይደለም። ለዓመታት ሳያዛንፍ የከፈለውን የዕድር መዋጮ መርሳት፣ ሲያከብረው የኖረውን የበዓል ቀን ማምታታት ግን ወደ ሐኪም ሊያደርስ ይገባል።