ፊት የሚያሳይ ብረት

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጥቶ በማዳበሪያ ከረጢት የተቋጠረ ከባድ ዕቃ ቂሊንጦ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን በረንዳ ላይ አሳረፈ። የምንኖረው ምድር ላይ ስለሆነ አንድ አልጋ የምታህል በረንዳ አለችን፤ የቂሊንጦ ነፋስም በሕንፃዎቹ መካከል እየተጥመዘመዘ የሠፈሩን አቧራ ሁሉ እዚያች ላይ ያራግፋል።

«ለአያቴ ሥራ ይሁናቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልጁ ጣና ላይ፣ ተሳላሚና ጎብኚ ወደ ዘጌ በምታመላልስ ጀልባ ይሠራል። ጀልባዋ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭና የመጣች አሮጌ ናት። ቀለሟ ሲታደስ ከአካሏ የተነቀሉት ብረቶች ናቸው እንግዲህ በከረጢቱ ያሉት፦ ገመድ የሚታሰርባቸው አራት ባለሁለት ቀንድ ብረቶችና ሁለት አጫጭር የመደገፊያ ቧንቧዎች። «እንደ መስታወት ይሁኑልኝ» ብሎ ሄደ። መስታወት! እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ከጠመኔ የከበደ መሣሪያ ይዤ አላውቅም።

አባቴ ከረጢቱን ሲፈቱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ኦፕራሲዮን ይደረግልዎ ሲባሉ «ያየሁት ይበቃኛል» ብለው አሻፈረኝ ካሉም እንዲሁ። አንዱን ብረት አንሥተው ከቀንድ እስከ ቀንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አሸተቱት።

«ክሊት» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «ባሕር የኖረ ነው። ሐይቅ እንዲህ አይበላም።»

አባቴ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። ምጽዋ ላይ ያገለገሉባት መርከብ ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት ሳለች «ኦርካ» ትባል ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ ስትሰጥ «ኢትዮጵያ» ተባለች። ይህን ያህል የነገሩኝ ራሳቸው አይደሉም፤ ከመጻሕፍት የለቀምሁት ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ እናቴ እኛን ይዛ አቃቂ፣ ወንድሟ ዘንድ ገብታ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት ወደቦች ሲሸሹ አባቴ አብረው ሄዱ። ከዓመት በላይ ወሬያቸው ጠፋ። አንድ ማለዳ የሰው ኮት ለብሰው በር ላይ ቆሙ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያ ዓመት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በ2011 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉ እንደገና ሊቋቋም መሆኑን ሬዲዮ ሲያወራ «ሰማሁ» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ወደ ብረቱ ልመለስ። ስቴንለስ ስቲልን «የማይዝግ ብረት» እንለዋለን። ታዲያ እነዚህ ቀንዳሞች ስለምን ቡናማ እንባ አወረዱ? አንብቤ እንደተረዳሁት ምሥጢሩ ክሮሚየም ነው። ከመቶ ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት አየር ሲያገኘው፣ ዓይን የማያያት እጅግ ስስ ቆዳ በላዩ ላይ ይፈጥራል። ቢፋቅ ቆዳዋ ተመልሳ ትበቅላለች። ጨው ግን ይህችን ቆዳ እየበሳ ይገባል፤ በተለይ ውኃ በሚያቁርባቸው ጭረቶችና ጉድጓዶች ውስጥ። ስለዚህ ለባሕር በሚሠራው ብረት ላይ ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ከመቶ ከ2 እስከ 3 እጅ ይጨመርበታል፤ 316 የሚሉት እርሱን ነው። መስታወት ማድረጉም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጭረት የሌለው ገላ ጨው የሚያሳድርበት ጎጆ የለውም።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ የድስት ማጠቢያ ሽቦ አንሥቼ አንዱን ክሊት በአመድ አሸሁት። ማታ አበራ፤ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ዘነበ። ጧት ብረቱ እንደ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ነጥብ በነጥብ ሆኖ አገኘሁት። አባቴ ስነግራቸው ሣቁ። ተራው ሽቦ ብናኙን በማይዝገው ገላ ላይ ተክሎ ማደሩ ነበርና የዛገው ክሊቱ ሳይሆን እንግዳው ብናኝ ነው። «ሎሚ አምጣ» አሉ። በሎሚ ታሽቶ፣ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲታጠብ ነጥቡ ለቀቀ። እርሳቸው በመርከብ ላይ ነሐስ የሚያጠቡበት ዘዴ ነው፤ በኋላ ሳነብ ግን ታላላቆቹ ፋብሪካዎችም የማይዝገውን ብረት ከእንዲህ ያለ ብናኝ የሚያነጹት በዚሁ በሎሚ ውስጥ በሚገኘው አሲድ እንደሆነ አየሁ።

ከዚያ በኋላ መርካቶ ሄጄ የብርጭቆ ወረቀት በየቁጥሩ ገዛሁ፦ 120፣ 240፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1200። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በሻካራው ወደ አንድ አቅጣጫ ታሻለህ፤ ከዚያ ለስለስ ያለውን ይዘህ አቅጣጫውን ታገድመዋለህ፤ የፊተኛው ጭረት አንድ ሳይቀር እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው አታልፍም። ማለስለስ ማለት አንድ ነገር መቀባት ይመስለኝ ነበር። ለካ ጭረትን በሌላ ጭረት፣ ያንንም ከእርሱ በሚቀጥን ጭረት መተካት ኖሯል፤ ዓይን መቁጠር እስኪያቅተው ድረስ።

አንድ ቅዳሜ ደከመኝና 600ውን ዘለልሁት። ከ400 ቀጥታ ወደ 800። ማን ያውቃል? ዓይናቸው አያይ። ክሊቱን ሰጠኋቸው። በሌባ ጣታቸው ጥፍር ቀስ ብለው ከላይ ወደ ታች ሳቡት፤ ቆም አሉ፤ ደግመው ሳቡት።

«እዚህ መካከል አንድ ወረቀት ጎድሏል።»

ተማሪ ሲኮርጅ የያዝሁበት ቀን ሁሉ ትዝ አለኝ።

የመጨረሻው ደረጃ ሞላ ይጠይቃል። ከአንድ በያጅ ጎረቤት ተዋስሁና ድንጋዩን አውጥቼ የጥጥ ጨርቅ መንኮራኩር አስገባሁበት፤ እንደ ሳሙና የጠነከረ አረንጓዴ ቅባትም ቀባሁት። አረንጓዴነቱ ያው የክሮሚየም ነው፤ ክሮሚየም ኦክሳይድ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስፈራል። አንደኛው ግለት ነው፤ ይህ ብረት ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍምና አንድ ቦታ ላይ ከዘገየህ እንደ ገለባ ይቢጫል፣ ከዚያም ይሰማይላል። ሁለተኛው ጠርዝ ነው። መንኮራኩሩ በጠርዙ ላይ ተንሸራትቶ መውጣት እንጂ ፊት ለፊት ከጠርዙ ጋር መጋጠም የለበትም። ይህን የተማርሁት ክሊቱ ከእጄ ተነጥቆ፣ የበረንዳውን አጥር ዘልሎ፣ ጎረቤታችን እትዬ ያሰጡት በርበሬ መካከል ካረፈ በኋላ ነው። ሰው ባለመኖሩ ፈጣሪን አመሰገንሁ። እትዬ ለጥቁሩ ብናኝ እንጂ ለክሊቱ አልተቆጡም፤ ቡና አፍልተን ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያ ወዲያ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጌ፣ ልብስና በርበሬ በማይሰጣበት ሰዓት ብቻ ሠራሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ምሽት ሞላው እየዞረ መብራት ሄደ። መንኮራኩሩ እያቃሰተ ቆመ። ሻማ ልፈልግ ስነሣ አባቴ «ተወው፤ በእጅ እንጨርሰው» አሉ። ለእርሳቸው ምን ልዩነት አለው! ጨለማው ውስጥ ተቀምጠን በጥጥ ጨርቅ አንድ አንድ ክሊት እናሽ ጀመር። ከውጭ ዝናብ፣ ከሩቅ የከባድ መኪኖች ድምፅ ይሰማል።

«የመን ሳለን ደወሏን እወለውል ነበር» አሉ ድንገት።

እጄ ቆመ። ድምፅ ካሰማሁ የሚያቆሙ መሰለኝና ማሸቴን ቀጠልሁ።

«የመርከቧን ደወል። ነሐስ ነው። በየማለዳው። ጦር የለ፣ አዛዥ የለ፣ ደመወዝ የለ። ነዳጅ የለ፣ የትም አንሄድ። ልጆቹ እብድ ነህ ይሉኛል።»

«ማን ሊያየው ነበር፣ አባባ?»

«ጨው ሰው አይቶ አይበላም።»

ዝናቡ በረታ። ቀጥለው ስለ ውኃ ወረፋ፣ ስለ አንድ በባዕድ ወደብ ስለተቀበረ ጓደኛቸው፣ እናቴ ሞታ ይሆን እያሉ ስላደሩባቸው ሌሊቶች ነገሩኝ። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሳቸው ነው። እኔን ሠላሳ ዓመት የከነከነኝን ጥያቄ ግን ጠየቅሁ፦ ስለምን ደብዳቤ አልጻፉም?

«ጽፌያለሁ። የሚልክልኝ ሰው አጣሁ። ኋላም አፈርሁ።» ጥቂት ዝም አሉና «መርከቧ ተሸጠች ሲሉኝ ደወሉን አሰብሁ» አሉ።

«ኢትዮጵያ» በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች። ይህን ዐረፍተ ነገር መጽሐፍ ላይ ሳነብ የመርከብ ስም መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ደግሜ አንብቤዋለሁ።

መብራት ሲመጣ በእጄ ያለውን ክሊት አየሁት። አፍንጫዬ፣ ጢሜ፣ ከኋላዬ ያለው አምፖል ሁሉ በጎበጠው ገላ ላይ ተለጥጦ ይታያል። በግዕዝ መስታወት «መጽሔት» ይባላል፤ ዛሬ ለሚታተም ወረቀት የሰጠነው ስም የመስታወት ስም ነበር። የመስታወት ጠርሙስ ሳይስፋፋ የጥንት ሰው ፊቱን ያየው በተወለወለ ብረትና ነሐስ ነበርና ቃሉን ለክሊቱ ብመልስለት ቅር አይለኝም። አንዱ ክሊት ሥር ጨው የቆፈረው ጥልቅ ነጥብ ቀርቷል። ላጠፋው ብል ብረቱ ይሳሳል። አባቴ ዳስሰው «ይቆይ» አሉ።

መስከረም ላይ የእህቴ ልጅ መጣ። ክሊቱን አንሥቶ ጥርሱን ገልጦ ተመለከተበት። «አያቴ፣ ቡጉሬ ሁሉ ይታያል!» አባቴ በቀጥታ ወደ ሥራ ገቡ፤ ብሎኑም ከዚሁ ዓይነት ብረት ይሁን፣ ተራ ብሎን ካስገባህበት ዝገት ያለቅስበታል፣ ጉዞ በተጠናቀቀ ቁጥር በንጹሕ ውኃ እጠበው፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቀው...

«አያቴ፣ ጣና እኮ ጨው የለውም።»

«እጠበው ነው የምልህ።»

ልጁ ከረጢቱን ተሸክሞ ወደ ታክሲው ሲሄድ አባቴ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸው ድምፁ ወደሄደበት ዞሯል። እኔ የቀረውን የብርጭቆ ወረቀት በየቁጥሩ እሰበስባለሁ።

«ያ የዓይን ሐኪም ቤት» አሉ ሳይዞሩ፣ «ጧት በስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?»

«በሁለት ሰዓት።»

«ሰልፍ ይኖረዋል። በአሥራ ሁለት እንነሣ።»