የእማዬን ዕቁብ የበላው እንቁላል

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ! ሱቅ የከፈተ ወጣት የሚፈራው ገበያ እንዳይጠፋ አይደል? እኔን ግን የጎዳኝ የገበያ መጥፋት ሳይሆን "ገበያውን አውቀዋለሁ" ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ 600 እንቁላል አስገብቼ ነበር። የቀዳም ስዑር ዕለት እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ! ከዚያ በኋላ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ "የለም" እያልኩ ፊት ለፊቴ ላለው ሱቅ ሸኘሁለት። ማታ በቁጭት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "ሁለተኛማ አልሞኝም!" አልኩ።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል እማዬ ዕቁብ ወጣላት። 15,000 ብሩን "መስከረም ሳይጠባ ደብተርና እስክሪብቶ አስገቢበት" ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን የዚያ ቅዳሜ ቁጭት አልለቀቀኝም። "እንቁላል በሁለት ቀን ሸጬ ደብተሩን እገዛለሁ" ብዬ ብሩን በሙሉ እንቁላል ላይ አፈሰስኩት። አንዱን በ10 ብር፣ 1,500 እንቁላል!

ምን ሆነ መሰላችሁ? ፆሙ የተፈታው ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ ነው። በማግስቱ ረቡዕ… ፆም! አንድ ቀን አልፎ ዓርብ… አሁንም ፆም! ፋሲካ ሲሆን እኮ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ አይፆምም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስገዛ ግን ትዝ አላለኝም። ደግሞ ነሐሴ ላይ ሰው ብሩን ለትምህርት ቤትና ለዕንቁጣጣሽ ይቋጥራል።

እንቁላሉ ዕንቁጣጣሽን አልጠበቀኝም። ከፊሉ ተሰነጠቀ፣ ከፊሉ ሸተተ፤ 400 ጣልኩ። በ11 ብር የሸጥኩት 1,100 እንቁላል ያተረፈልኝ 1,100 ብር፣ የጣልኩት ያከሰረኝ 4,000 ብር! አንዱ ብልሽት የዐሥሩን ትርፍ ይዞ ሄደ። ብሩም ተንጠባጥቦ ስለተመለሰ መስከረም ላይ ልጆች "ደብተር አለ?" ሲሉኝ መልሴ ያው "የለም" ሆነ። እማዬ አንድ ቃል አልወጣትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር!

መርካቶ ሳሙና በጅምላ የሚሸጡልኝ ጋሼ ይህን ሰምተው "ልጄ፣ የምትገዢው በልብሽ ነው በደብተርሽ?" አሉኝ። እሳቸው ያስተማሩኝን እኔም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ የሸጣችሁትን ብቻ ሳይሆን "የለም" ያላችሁትንም ጻፉ። ያ ቅዳሜ ባዶ እጁን የተመለሰው ሰው 20 ይሁን 200 አልጻፍኩትም፤ በቁጭቴ ገመትኩት እንጂ።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ሳያልቅ እዘዙ። ሳሙና በቀን 10 ይሸጣል፣ ያዘዝኩት ደግሞ በ4 ቀን ይደርሳል እንበል። 40 ሲቀረኝ ባዝዝና ገበያው ቢደራ፣ ወይ መኪናው ቢዘገይ፣ ባዶ መደርደሪያ ታቅፌ እቀራለሁ። ስለዚህ 20 መጠባበቂያ ጨምሬ 60 ሲቀር አዛለሁ።

ሦስተኛ፣ የሚበላሸውን ከማይበላሸው ለዩ። ሳሙና ቢተርፍ ነገ ይሸጣል። እንቁላል ግን ትንሽ በትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ካላንደር እየታየ ነው የሚገዛው። አንዳንዴ ማለቁ ከመትረፉ ይሻላል።

የእማዬን ብር ቀስ በቀስ መለስኩላት። በቅርቡ ደግሞ ዕቁብ ወጥቶላት ልትሰጠኝ ስትል "አሁንስ ምን ልትገዢበት ነው?" አለችኝ። አፌን ዘግቼ ደብተሬን ገልጬ አሳየኋት።