ገብስማ ዶሮ ያማራት ኮከብ

ወር በገባ በ21 ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ወሬ አይጠፋም። ባለፈው ግን ወሬው የመጣው ከስልክ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ወጣት፣ አንዲት ልጅ ጥድፍ ጥድፍ እያለች "ካንሰር ሴቶች ሲከፋቸው ይበላሉ፤ ቪርጎዎች ሲጨነቁ ምግብ ይዘጋቸዋል" የምትልበትን ቪዲዮ ታያለች፤ እኛም አብረን እንሰማለን። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ፣ አክስቷ ናቸው፣ ሰምተው ሰምተው፣

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ካንሰር የሆንሽው?" አሏት።

"ሐምሌ 2 አይደል እንዴ የተወለድኩት፣ እትዬ።"

"ኮከብ በልደት አይቆጠርም። በእናትሽ ስም ተቆጥሮ ሐመል ነሽ፤ ያስቆጠርኩልሽ እኔ ነኝ። ያንቺ ዶሮ ገብስማ ናት።"

"ገብስማ መሆኗን እያወቃችሁ ታዲያ ማን ገዝቶልኝ ያውቃል?"

ሚኒባሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ዶሮዋ ላይ ቀረሁ። አውደ ነገሥት በሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ውስጥ ለየኮከቡ የሚበላ ነገር ተጽፏል ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ "ስትከፋ ትበላለች" የሚለው የስልኩ ወሬና "ያንቺ ገብስማ ናት" የሚለው የአክስት ወሬ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው ማለት ነው። የመጽሐፉ አንድ ቅጂ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከዘመድ ቤት ቁምሳጥን በላይ ይኖር ነበርና አውርጄ አቧራውን አራገፍኩ። ቄስ ሲመጣ የሚሸሸግ፣ ቄሱ ሲሄዱ የሚገለጥ መጽሐፍ ነው። ቤተ ክርስቲያን ኮከብ ቆጠራን ታወግዛለች፤ ደብተራው ደግሞ ይቆጥራል፤ ሁለቱ በዚህ ሁኔታ ብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል።

የሴትዮዋ ሒሳብ ትክክል ነበር፣ በመጽሐፉ ደንብ ማለቴ ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ዋጋ ይደመርና በ12 ይገደፋል። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሰውር፣ ሦስት ከተረፈ ገውዝ፣ እያለ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ሁት ላይ ያበቃል። የአባት ስም አይገባበትም። ምክንያቱን የጠየቅኋቸው አንድ አዛውንት "እናት አታጠራጥርም" ብለው ብቻ አለፉ። ስሞቹ ሁሉ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ስልቱም እንደዚያው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ለኖረው ለባልኹ ተወላጅ ለአቡ መዕሸር እየተሰጠ እስከ ዛሬ በዐረብ አገር ገበያ የሚሸጥ መጽሐፍ አለ፤ እዚያም የሰውና የእናቱ ስም ተደምሮ በ12 ይካፈላል። እውነተኛው አቡ መዕሸር ጥንቅቅ ያለ ሊቅ ስለነበር የገበያው መጽሐፍ የእጁ ሥራ ነው ብዬ አልከራከርም። ወደ እኛ መምጫው በቀይ ባሕር ይሁን በግብጽ፣ ከኛ ግእዝ ጋር ተጋብቶ አሁን አገሬው ሆኗል።

የስልኩ ኮከብ መንገድ ሌላ ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማኒሊየስ የሚባል ሮማዊ ባለቅኔ የሰውን አካል ከራስ እስከ እግር ለአሥራ ሁለቱ ኮከቦች አከፋፈለ፤ ራስን ለሐመል፣ አንገትን ለሰውር፣ ደረትን ለሸርጣን (ለስልኩ ካንሰር)፣ ሆድን ለሰንቡላ (ለስልኩ ቪርጎ)፣ እግርን ለሁት። በኋላ የመጡ ሐኪሞች ጨጓራንም ወደ ሸርጣን አስጠጉት። የሸርጣን ገዥ ጨረቃ ናት፤ ጨረቃ ደግሞ በእነርሱ ቆጠራ ሴት፣ እናትና ተለዋዋጭ ናት። ጨጓራን፣ እናትንና ተለዋዋጭ ስሜትን አንድ ላይ ያሰረ ሰው "ካንሰር ሴት ሲከፋት ትበላለች" ለማለት ብዙ አይቀረውም። ይህን ለጋዜጣ አንባቢ በልደት ቀን ሸንሽኖ ማደል ግን የትናንት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1930 የእንግሊዟ ልዕልት ማርጋሬት ስትወለድ ሰንደይ ኤክስፕረስ ጋዜጣ አር. ኤች. ኔይለር የተባለ ሰው ዕጣዋን እንዲጽፍ አደረገ፤ አንባቢ ወደደው፤ አምዱ ቋሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለች ሐምሌ የተወለደች ሴት ሁሉ ሆዷ ይታማል።

እዚህ ላይ እንጦጦ ሦስተኛ ምስክር አላት። ከማርያም ብዙ ሳይርቅ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የጠፈር ምርምር ማዕከል ስፋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ተቀምጧል። የመሬት ዘንግ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ስለሚዞር፣ ጥንት ለየኮከቡ የተመደቡት ቀናት ዛሬ ከሰማዩ ጋር አይገጥሙም። ሐምሌ 2 ቀን ፀሐይ ያለችው ገውዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ በስልኳ ሸርጣን፣ በአክስቷ ሐመል፣ በቴሌስኮፑ ገውዝ ናት። ረሃቧ ግን አንድ ነው፤ ሽሮ ሜዳ እንደወረደች አምባሻ ስትገዛ አይቻታለሁ።

ወደ ዶሮዋ ልመለስ። አውደ ነገሥት ስለ ሴት ስሜትና ስለ ምግብ የሚለው ነገር ከጠበቅሁት ያነሰ ነው። ሆደ ባሻ ናት፣ ቁጡ ናት፣ እጇ ለጋስ ነው የሚል ሞልቷል፤ ስትከፋ ትበላለች ወይም ትተዋለች የሚል አላገኘሁበትም። ያለው እርድ ነው። ይህ ኮከብ እንዲህ ያለ በሽታ ይይዘዋል፣ ይህን መልክ ያለው በግ ወይም ይህን መልክ ያለው ዶሮ አርዶ ይብላ ይላል። ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ወሰራ። ምግቡ መድኃኒት ነው እንጂ ፍላጎት አይደለም። በኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ያለው። በኛ አገር አንዲት ሴት ተነሥታ "ዛሬ ዶሮ አማረኝ" ብትል ሆዳም ናት። "ኮከቤ ገብስማ ይላል" ስትል ግን ባልየው ራሱ ቅርጫት ይዞ ገበያ ይወርዳል።

ኮከብ ደግሞ ብቻውን አይደለም። እርግዝናም አለ፤ ነፍሰ ጡር ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላልና ጎረቤት ሳይቀር ይሯሯጥላታል። ዛርም አለ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የመልካም አያሁን የዛር ቤት ሲከታተል ዛሮቹ የሚጠይቁትን እርድ ገንዘብ እያወጣ ይገዛ ነበር። የእያንዳንዱ ዛር ዶሮና በግ መልኩ የተወሰነ ነው፤ ልክ እንደ ኮከቡ። ብሪታኒያዊው አንትሮፖሎጂስት አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴቶች በራሳቸው አፍ መጠየቅ ያልተፈቀደላቸውን ነገር መንፈሱ በአፋቸው ይጠይቅላቸዋል ብሎ ተከራክሯል። ብዙዎች ነገሩን አቀለለው ብለው ነቅፈውታል፤ የታመመችን ሴት ብልጣ ብልጥ ያስመስላታልና ነቀፋው አግባብ አለው። ስለ ዶሮው ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከሉዊስ ጋር ነኝ።

ዶሮን ካነሳሁ የቆየ ቂም አለብኝ። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ናት፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ የለኝም። ለምን አሥራ ሁለት ሆነች ሲባል በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ቁጥር ነው ይባላል። አንድ የሰፈራችን ዐዋቂ ነኝ ባይ ግን "የለም፣ በአሥራ ሁለቱ ከዋክብት ነው፤ ሐዋርያቱ በኋላ የተለጠፉ ናቸው" ብሎ ሞግቶኝ ያውቃል። እኔ በሁለቱም አላምንም። ሁለት እግር፣ ሁለት ታፋ፣ ሁለት ክንፍ ካላት ፍጥረት ስድስቱ በመገጣጠሚያ በመገጣጠሚያው ራሱ ይመጣል፤ ደረትና ጀርባውን፣ አንገቱን ጨምሮ፣ የሠለጠነ ቢላዋ ከዚያው አካባቢ ያደርሰዋል። መጀመሪያ ቢላዋው ነው፤ ሐዋርያቱም ከዋክብቱም ሲበላ የተጨዋወትናቸው ናቸው። ቂሜ በቁጥሩ አይደለም፣ በድልድሉ ነው። እኛ ቤት ፈረሰኛው ለአባቴ፣ እንግዳ ካለ ለእንግዳው ነበር። መላላጫው ለወንድሞቼ። ለሴት ልጅ ክንፍ፣ ለትንሿ ሴት ልጅ አንገት። ትንሿ እኔ ነበርኩ። እናቴ ደግሞ ሁሉም ካነሣ በኋላ ድስቱ ውስጥ የቀረውን በእንጀራ ጠርጋ "እኔ መረቁ ይበቃኛል፣ ሥጋ አልወድም" ትል ነበር። ሃያ ዓመት አልፎ፣ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ መላላጫ አንሥታ ስትግጥ ሳያት ሥጋ አለመውደዷ እንደ ኮከቡ ሁሉ ሰበብ እንደነበር ገባኝ።

መብላት ነውር የሆነባት ሴት ማብላት ግን ሥልጣኗ ነው፤ ለዚህም ከእንጦጦ ማርያም የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲመረቅ፣ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያሰናዱት ድግስ ቀናት የፈጀ ሲሆን፣ የታረደው ከብት፣ በግና ፍየል ከ5,000 በላይ እንደነበር ይነገራል። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ሰው ስለ አፍሪካ ምግብ ሲጽፍ ይህን ድግስ አንድ ትልቅ የፖለቲካ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ ያገሩ መኳንንት ሁሉ ከአንዲት ሴት ጓዳ በልቶ ሄዷልና። ምኒልክ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ሲጭኑ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ነገሡ። በ1902 መኳንንቱ ከሥልጣን ገፏቸው፤ ምኒልክ ካረፉ በኋላ ደግሞ ወደዚሁ ተራራ፣ ከማርያም ጎን ተወሰዱ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ከገፏቸው ውስጥ ስንቱ ግብራቸውን በልቶ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል።

እውነቱን ለመናገር የአዲስ አበባን ሴትና ምግቧን የሚገዛው ኮከብ አይደለም፣ ጨረቃ ናት። የባሕረ ሐሳቧ ጨረቃ። እዚያም ሒሳቡ ግድፈት ነው፤ በ12 ሳይሆን በ19። 2017 ዓ.ም.ን ውሰዱ፤ 5,500 ሲጨመርበት 7,517 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 11 ነው። ከወንበሩ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ይወጣል፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ይህ ሒሳብ ለድሜጥሮስ፣ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ፣ የሚሰጥ ነው፤ አንዲት ሴት 55 ቀን ቅቤ ሳትቀምስ የምታነጥረው በእርሱ ነው።

ቀዳም ስዑር ማታ ጓዳ ገብቶ ያየ ሰው ስለ ሴትና ስለ ምግብ ቪዲዮ አያስፈልገውም። እናቴ አክፍሎት ይዛ፣ ከዓርብ ጀምሮ ውሃ እንኳ ባፏ ሳይዞር፣ ሽንኩርቱን ከቀትር ጀምራ ታቁላላለች። በርበሬው ይገባል፣ ቅቤው ይገባል፣ መከለሻው ይገባል፤ አትቀምስም። ጨው ለማወቅ መጀመሪያ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ታሸታለች፤ ቀጥላ ወጡ እንዴት እንደሚፈላ፣ ዘይቱ እንዴት እንደሚወጣ ታያለች። በመጨረሻ ልጅ ትጠራለች። ጾም ያልደረሰብኝ እኔ ስለነበርኩ ከማማሰያው መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች፤ እየተቃጠልኩ እልሳለሁ። እሷ መዳፌን አታይም፤ የምታየው ፊቴን ነው።

"ምን ይላል?"

"ጨው አነሰው።"

ግማሽ እፍኝ ትወረውራለች። "አሁንስ?"

"ደህና ነው።"

"ደህና ነው ወይስ ይጥማል?"

"ይጥማል።"

ያኔ ማማሰያውን ድስቱ አፍ ላይ ታጋድምና ጀርባዋን ቀና ታደርጋለች፤ የቀመሰች ይመስል ከንፈሯን ትመጥጣለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፈረሰኛው ለአባቴ ይወጣል፤ ለቀማሿ አንገት።

አሁን በራሴ ቤት ወጡን የምሠራውም የማወጣውም እኔ ነኝ። ባለፈው ፋሲካ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በእንግድነት መጥተው፣ ድስቱን ገልጬ ፈረሰኛውን መጀመሪያ ወደ ራሴ ሳህን ሳደርግ ዓይናቸው ተከተለኝ። ስሜንና የእናቴን ስም አውደ ነገሥት ላይ ቆጥሬ ቀውስ ወጥቶልኝ ነበር፤ ቀስት ይዞ የሚጋልበው።

"ኮከቤ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ከፈረስ ሌላ አይስማማኝም ይላል።"

"እንዲያ ከሆነማ ምን ይደረጋል" ብለው መላላጫውን አነሡ።