ከአሶሳ አፈር የወጣች ገንዘብ

ቡናው እስኪፈላ፣ አንባቢዬ፣ አንድ ጉዳይ ላጫውትዎ። በአሶሳ ዙሪያ፣ በመንጌም በኩርሙክም በኩል፣ ወርቅ ፍለጋ መሬት የሚቆፍር ብዙ ነው። ከአፈሩ ውስጥ በወርቅ ፈንታ ጽሑፍና ምስል ያለባት ክብ ነገር ብትወጣ፣ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ታወጣለች?» ነው። እኔ ግን «እዚህ ምን አመጣት?» የሚለው እንዲቀድም እፈልጋለሁ። እውነተኛዋን ከሐሰተኛዋ ለመለየት ከሚዛንም ከማግኔትም በፊት የሚረዳው ይኸው ነውና።

አንድ ሰው «የአክሱም ወርቅ ነው» ብሎ ሳንቲም ቢያሳይዎ ኮስማስን ያስታውሱ። ይህ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ የአክሱም ሰዎች ሳሱ ወደሚባል አገር ወርቅ ፍለጋ ይወርዱ ነበር። ብዙ ተመራማሪዎች ሳሱን ወደ ፋዞግሊና ቤኒሻንጉል አካባቢ ያስጠጉታል። ነጋዴዎቹ የበሬ ሥጋ፣ ጨውና ብረት ደርድረው ገለል ይላሉ፤ ያገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ ላይ ወርቁን ያስቀምጣል። በዚህ ገበያ ውስጥ ሳንቲም የለም። ኮስማስ ወርቁ ከዚያ ወጣ ይላል እንጂ የተቀረጸ ገንዘብ ወደዚያ ገባ አይልም። ስለዚህ እዚህ የአክሱም ወርቅ የሚያሳይ ሰው ከየት እንዳገኘው አጥብቆ መጠየቅ ይገባል። መጠኑም ይናገራል፦ የመጀመሪያዎቹ የአክሱም ወርቆች 2.7 ግራም ገደማ፣ የኋለኞቹ 1.6 ግራም ገደማ ናቸው። 5 ግራም የሚመዝን «የኢዛና ወርቅ» ካዩ አይድከሙበት።

አብዛኛውን ጊዜ ግን የምትወጣው ማርትሬዛ የምንላት ጠገራ ብር ናት። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በላይዋ 1780 የሚል ዓመት አለ። ያገኛት ሰው «ከ200 ዓመት በላይ ሆኗታል» ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። ነገር ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የወጡት ጠገራዎች ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የታተሙት። ጣሊያን አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም አሳትማለች፤ ለንደንም በ1936 ጀመረች። ስለዚህ ማርትሬዛ እውነተኛም አዲስም ልትሆን ትችላለች። ዓመቱን አይመኑ፤ ብሯን ይመኑ።

ብሯን ለመፈተን አሶሳ ምቹ ከተማ ናት፤ የግራም ሚዛን ያለው የወርቅ ነጋዴ አይጠፋም። ትክክለኛዋ 28.07 ግራም ትመዝናለች፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ንባቡን ዜሮ ያድርጉ። ጠገራዋን በክር አስረው፣ ታቹን ሳትነካ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሏት። ሚዛኑ 2.8 ግራም ገደማ ካሳየ ብሩ ደህና ነው፤ ከ3 ግራም ካለፈ ውስጧ ሌላ ቀላል ማዕድን አለ። ከዚያ ጠርዟን ይዩ። በዙሪያው የላቲን ጽሑፍና ጌጥ ጎላ ብሎ ወጥቷል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ጠገራ ይህን ጠርዝ አጥርቶ ማውጣት ይከብደዋል፤ ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመርም ይታያል። አባቶቻችን በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች አይተው፣ ካልጠሩ አንቀበልም ይሉ የነበሩት በከንቱ አልነበረም። ጣሊያኖች የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን ምስል ይዘው በኤርትራ ያወጡት ታሌሮ እንኳ ያንን ዓይን ማሳመን አቅቶታል።

ሦስተኛዋ እንግዳ ከሱዳን በኩል የምትመጣው ናት፤ የዐረብኛ ጽሑፍ አለባት። ቤኒሻንጉል የራስ መኰንን ጦር በ1890 ዓ.ም. ገደማ ከመድረሱ በፊት ፊቱ ወደ ሱዳን ነበር፤ ያኔ ሱዳንን የያዙት የመሐዲስቶች ገንዘብም በኦምዱርማን ይታተም ነበር። መሪያቸው መሐዲው በ1885 እ.ኤ.አ. ጥሩ ወርቅና ብር አውጥቷል። የተካው ኸሊፋ አብዱላሂ ግን ብሩን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ፣ በመጨረሻ መዳብ ላይ ስስ ብር እስከመቀባት ደረሰ። እዚህ ፍርዱ ይገለበጣል። ቅቡ ተልጦ መዳቡ ብቅ ያለባትን «ሐሰት ናት» ብሎ መጣል ስህተት ነው፤ እውነተኛዋም እንዲያው ናት። የአክሱም ነሐስና ብርም እንዲሁ፦ አንዳንዶቹ በምስሉ ላይ ወርቅ የተቀባባቸው፣ በነገሥታቱ ዘመን የወጡ እውነተኛ ገንዘቦች ናቸው።

እባክዎን አንድ ነገር ይማሩልኝ፦ ያገኟትን ሳንቲም በሎሚ፣ በአመድ ወይም በሽቦ አያሽዋት። ዕድሜዋን የሚመሰክረው ላይዋ ላይ የተጋገረው ነው፤ እሱ ከተፋቀ ባለሙያውም ትልቅ ማስረጃ ያጣል። አንጥረኛ ካቀለጣት ደግሞ የሚቀረው ጥቂት ግራም ብር ብቻ ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለሚመለከተው የመንግሥት አካል እንዲያሳውቅና እሱ እስኪረከበው ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ስለዚህ የተገኘችበትን ቦታ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበረችና አብሯት ምን እንደወጣ በወረቀት ይጻፉ፤ ሳያጥቧት ፎቶ ያንሷት፤ ከዚያ አሶሳ ወዳለው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይዘዋት ይሂዱ።