ደም ስር የሚጠራ ዕጢ

ሽንኩርት ስትከትፉ ጣታችሁን ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ከቆዳችሁ ስር ግንባታ ነበር። ኦክስጅን ያጠራቸው ህዋሳት ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ፤ አጠገባቸው ያለው ደም ስር ጥሪውን ይሰማና እንደ ሐረግ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቁስሉ ሲድን ጥሪው ይቆማል። ማህፀን ውስጥ ሳለንም የመጀመሪያዎቹ ደም ስሮቻችን ከባዶ ተሠርተው፣ የቀሩት ከእነሱ እየበቀሉ ነው የተዘረጉት።

የካንሰር ዕጢም የሚጠራው በዚሁ ድምፅ ነው። ልዩነቱ፣ በቃኝ አይልም። ደም ስሮቹም ጠማማና የሚያፈሱ ናቸው።

ቦስተን ይሠራ የነበረው ሐኪም ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. አንድ ሐሳብ ጻፈ፤ ዕጢ አዲስ ደም ስር ካላገኘ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም፣ ስለዚህ መስመሩን እንዝጋበት። ለዓመታት ብዙ ሰው አልተቀበለውም።

ይህን ሁሉ ያስነበበችኝ አክስቴ ናት። የአንጀት ካንሰር አለባት፤ ተሰራጭቷል። «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል አይደል? መድኃኒቱ ተገኘ የሚሉት እውነት ነው ወይ?» አለችኝ።

የእኛ ሙያ እዚህ ላይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ የፎክማን ሁለት መድኃኒቶች የአይጦችን ዕጢ እንዳጠፉ ጻፈ። ፎክማን በሁለት ዓመት ውስጥ ካንሰርን ያድናል ብሏል ተብሎም የኖቤል ተሸላሚው ጄምስ ዋትሰን ተጠቀሰ። ዋትሰን እንዲያ አላልኩም ብሎ ለጋዜጣው ጻፈ። ማን ሰምቶት! የአምራቹ ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ቀን ሰማይ ነካ፤ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ፍለጋ ስልክ አጨናነቁ። አይጥ ላይ የታየው ግን ሰው ላይ አልተደገመም።

ሐሳቡ ግን ውሸት አልነበረም። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍን የሚይዘው አቫስቲን እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ለፈቃዱ መነሻ በሆነው ጥናት፣ የተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ያለባቸው ሕመምተኞች ከኬሞቴራፒ ጋር ሲወስዱት መካከለኛው የመኖር ዘመናቸው ከ15.6 ወር ወደ 20.3 ወር ከፍ አለ። ዕጢው ብልህ ነው፤ አንዱን ጥሪ ሲዘጉበት በሌላ ይጣራል።

ለአክስቴ እንዲሁ ነገርኳት። «ፈውስ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ወራት ይጨምራል» አልኳት። ርዕስ የሚሆን ዜና አይደለም መቼስ።

ትንሽ ዝም አለችና «ስንት ወር?» አለች።

«አምስት የማይሞላ።»

በጣቷ ቆጠረች። የልጇ ሠርግ ለግንቦት ነው የተቆረጠው።

«ታዲያ ይህን ለምን ጋዜጣ ላይ አይጽፉትም?» አለችኝ።